ደብዳቤ ለልጄ፦ በምርጫ ካርድ አልዳንንም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን እያመማት ነው፤ ሐኪም ቤት ሂጂ ስትባል የምትመልሰውን ግን አንቺም ታውቂዋለሽ።

የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። በስልክ ልመልስልሽ አልፈለግኩም። እኔና አንቺ በስልክ ፖለቲካ ስናነሳ ጎረቤት ሁሉ ይሰማናል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን፣ በአማርኛ። ቅዳሜ ቅዳሜ እያለቀስሽ ፊደል ያስቆጠርኩሽ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ቸርች ኮሪደር ላይ ያቺ እህት «ለዚያ ፓርቲ ድምፅ የሰጠ ሰው እንዴት አፉን ሞልቶ ድኛለሁ ይላል?» እንዳለችሽ ጽፈሻል፤ አንቺ የመረጥሽውን ዴሞክራቲክ ፓርቲን ማለቷ ነው። ቀጥለሽም «አባዬ፣ አንተም እንደሷ ታስባለህ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አላስብም። ሌላውን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ፣ ይህን ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። የዳንሽው በክርስቶስ ደም ነው። ኖቬምበር ላይ በወረቀቱ ያጠቆርሽው ክብ አላዳነሽም፣ ከድነትሽም አላወጣሽም።

አባቴ አርጅቶ ሐሳቡን ለወጠ ብለሽ ግን እንዳትደሰቺ። አልለወጥኩም። ወግ አጥባቂ ብትሉኝ ቅር አይለኝም፣ ነኝና። ከየት እንዳመጣሁት ግን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ሁልጊዜ ከቴሌቪዥን የቀዳሁት ይመስልሻል።

አያትሽ ልብስ ሰፊ ነበር። ከመርፌና ከመቀስ ባጠራቀማት ገንዘብ ከቤታችን ጎን ሁለት የጭቃ ክፍል ሠርቶ አከራየ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ታወጀ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ቀበሌ ተረከባቸው፣ የእኛም ሁለት ክፍሎች በዚሁ ሄዱ። ተከራዩዋ እዚያው ቆየች፣ ገንዘቡን ብቻ ለቀበሌ መክፈል ጀመረች። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈስ ነበር። ቀበሌው ዞር ብሎ አላየውም። አያትሽ በገዛ ገንዘቡ ቆርቆሮ ገዝቶ፣ መሰላል ተሸክሞ፣ የእሱ ያልሆነውን የራሱን ቤት ይጠግን ነበር። ካልጠገነው የጋራው ግድግዳ ርሶ በእኛ ላይ ይፈርሳል። እኔ መሰላሉን ስይዝለት አንድ ቃል አይናገርም። ስለዚህ አንድ ፖለቲከኛ «ለድሃው ስል ከዚያኛው ልውሰድ» ሲል ጆሮዬ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም፣ የአያትሽ ቆርቆሮ ነው። ልዩነቱን ስለማውቅ ነው የምነግርሽ።

በማኅፀን ያለውን ሕፃን በተመለከተ አቋሜን ታውቂዋለሽ። ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ውርጃን በመላ አሜሪካ መብት ያደረገው የ1973ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የሮ ውሳኔ በጁን 2022 ሲሻር ደስ ብሎኛል፣ ላንቺ ብዬ አልደብቀውም። በልጆች አስተዳደግም ከትምህርት ቤት በፊት ወላጅ ይቀድማል ባይ ነኝ። በስደተኛ ነገር ግን ከገዛ ወገኖቼ ጋር አልስማማም። በካርቱም ፀሐይ ለወረቀት ተሰልፎ የዋለ ሰው፣ በሩን ካለፈ በኋላ ከኋላው ሲቀረቅረው ያሳፍራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደርግ ዘመን ወጣት ሆኖ ጴንጤ መሆን ምን እንደነበር በጥቂቱ አጫውቼሻለሁ። ቸርቻችን ታሽጎ በየሰው ቤት በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ግራ እጅን ጨብጦ አንስቶ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» ማለት ግዴታ ነበር። ያላለ ይታሰራል፣ ይገረፋል። ሦስት ቃል ናት እኮ። ግደል አልተባልንም፣ ስረቅ አልተባልንም። ብዙ ሰው በአፉ እያለ በልቡ ይስቅ ነበር። እናቴ ራሷ «በላ፣ ምን አለበት፣ እግዜር ልብህን ያያል» ብላ ለምናኛለች። የእኛ ልጆች ግን እጃቸውን አላነሱም። ከሁሉም በላይ የሚባለው ቦታ ተይዟላ! ባለቤት ያለው ወንበር ነው።

ታዲያ ያኔ ለአብዮት ያልለቀቅነውን ወንበር ዛሬ ቨርጂኒያ ቁጭ ብዬ ለሪፐብሊካን ፓርቲ ልልቀቅለት? ያውም የምመርጠው ፓርቲ ስለሆነ? እንዲያውም በዚህ ጊዜ ነው የሚያስፈራው። የምትጠዪው ጣዖት አያስትሽም፣ የሚያስተው የምትወጂው ነው።

ቤተ ክርስቲያን ከዙፋን ጋር ስትጋባ ምን እንደሚሆን ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም አናንስም፣ አይተነዋል። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» እየተባለ የኖረ አገር ነው። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ናት አለ። ዙፋኑ በ1967 ሲወድቅ የተደገፈችበት ግድግዳ አብሮ ወደቀ፣ መሬቷም ተወረሰ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ። በ1971 ክረምት እሳቸውም፣ የመካነ ኢየሱሱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በአንድ ሰሞን ተገደሉ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም። ገዳዮቹ ስለ ድነት ያለንን ልዩነት አልጠየቁም። (አገር ቤት ጴንጤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ ሲባል መንግሥተ ሰማያት የገባች የመሰላቸውን የእኛን ሰዎችም አውቃለሁ። እሱን ስንገናኝ።)

እዚህ አሜሪካ ያለውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከእኛ ሦስት ሰዓት ያህል በመኪና ብትነጂ ሊንችበርግን ታገኚያለሽ። ፓስተር ጄሪ ፎልዌል በፈረንጆቹ 1979 ወግ አጥባቂ ክርስቲያኖችን ለፖለቲካ ያሰለፈውን «ሞራል ማጆሪቲ» የሚባለውን ድርጅት ያቋቋሙት እዚያ ሆነው ነው። በሚቀጥለው ዓመት የ1980 ምርጫ ነበር። አንደኛው ተወዳዳሪ ጂሚ ካርተር፣ ዳግም የተወለድኩ ክርስቲያን ነኝ ብሎ በአደባባይ የሚናገር፣ በጆርጂያ ፕሌይንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ባፕቲስት። ዘጠና ዓመት ካለፈው በኋላም ያስተምር ነበር። ሌላኛው ሮናልድ ሬገን፣ የሆሊውድ ተዋናይ፣ ከመጀመሪያ ሚስቱ የተፋታ፣ የካሊፎርኒያ ገዥ ሳለ በፈረንጆቹ 1967 ውርጃን የሚፈቅድ ሕግ የፈረመ። በኋላ በዚያ ሕግ ተጸጽቷል። የፎልዌል ሰዎች የተሰለፉት ከሬገን ጋር ነው።

ያኔ እዚህ ብሆን እኔም ሬገንን እመርጥ ነበር። ኮሙኒዝምን በስሙ ጠርቶ ክፉ ነው ያለ ሰው ለእኔ ሩቅ አይደለም። ይህ ግን የመንግሥት ጉዳይ ነው። ካርተር ስላልተመረጠ አልዳነም የሚል ሰው ቢመጣ ምን እለዋለሁ? ደግሞም ካርቱም ላይ ለተሰለፍነው ሐበሾች በር የከፈተልን የ1980ው የስደተኞች ሕግ ነው፣ የፈረመው ካርተር ነው። ሬገንን እያደነቅሁ በካርተር ፊርማ ገባሁ። ሳቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ይህንን የእኔ ወገኖች ማንሳት አይወዱም። በፈረንጆቹ 1971 የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ በሴንት ሉዊስ ተሰብስቦ ያወጣው የአቋም መግለጫ ውርጃ በአስገድዶ መድፈር፣ በከባድ የጽንስ ጉድለት፣ በእናት ጤና ምክንያት በሕግ እንዲፈቀድ የሚደግፍ ነበር። ዓሥር ዓመት ሳይሞላ አቋማቸውን አጠበቁ። እኔ በኋለኛው እስማማለሁ። ግን በ1971 የነበሩት ባፕቲስቶች አልዳኑም ነበር? መስቀሉ በአሥር ዓመት ተለወጠ? ታክሲ በምነዳበት ዘመን እሑድ ጠዋት ሰፊ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ ጥቁር አሜሪካውያን እናቶችን በዲሲ ወደ ቸርች አደርስ ነበር። ከኋላ ወንበር ሆነው ስለ ኢየሱስ ደም ሲያንጎራጉሩ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ሲመርጡ ግን አብዛኞቹ ከእኔ በተቃራኒ ነው። ለእነዚህ እናቶች «አልዳናችሁም» የሚል ካለ ይምጣና ይንገራቸው፣ እኔ መኪናውን አላቆምለትም።

የሐዋርያት ሥራ 16ን ክፈቺ። የፊልጵስዩስ እስር ቤት ጠባቂ የሮም መንግሥት ቅጥረኛ ነው። ጳውሎስንና ሲላስን ግንድ ውስጥ ያስገባቸው እሱ ነው። በእኩለ ሌሊት ምድር ተናወጠች፣ ሰውዬው ተንቀጥቅጦ ወደቀና «እድን ዘንድ ምን ማድረግ ይገባኛል?» አለ። ጳውሎስ መጀመሪያ ሥራህን ልቀቅ፣ ቄሣርን ካድ አላለውም። «በጌታ በኢየሱስ ክርስቶስ እመን» አለው። በዚያች ሌሊት ቁስላቸውን አጠበ፣ ተጠመቀ፣ ማዕድ አቀረበ።

ሲነጋ ደግሞ ጳውሎስን ተመልከችው። ገዢዎቹ ልቀቋቸውና በዝግታ ይሂዱ ብለው ሲልኩ አልሄድም አለ። የሮም ዜጎች ሆነን ሳለ ያለ ፍርድ በአደባባይ ገርፋችሁን አሁን በስውር ልታስወጡን? ራሳችሁ መጥታችሁ አውጡን አለ። መብቱን በሕግ ጠየቀ፣ ባለሥልጣናቱን አሳፈረ። እንግዲህ ፖለቲካ አይመለከተኝም የሚል ክርስቲያን ከጳውሎስ ጋር ይጣላ። ግን የሌሊቱን ለሌሊት፣ የንጋቱን ለንጋት ተወው። የጠባቂውን መዳን ከዜግነቱ ክርክር ጋር አላቀላቀለውም።

እኛ ጴንጤዎች ሌላውን ስንወቅስ ፈጣን ነን። አያትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ውላ ሽሮዋን ስታቀርብ፣ እኔ አንድ ፍሬ ልጅ «እማዬ፣ ጾም አያድንም፣ ጸጋው በእምነት አድኖአችኋል ይላል» እያልኩ እሰብካት ነበር። «ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» የሚለውን በቃሌ አነበንብላት ነበር። ጥቅሱን ዛሬም አምንበታለሁ። ታዲያ ለእሷ ጾም አያድንም ብዬ ለልጇ ልጅ የምርጫ ወረቀት ያድናል ልበል? ከሁለቱ አንዱ በጸጋ ላይ መጨመር ከሆነ፣ የእሷ ቢያንስ ሆድ ያስርብ ነበር።

አሁን ደግሞ ተራው ያንቺ ነው። መልእክትሽ መጨረሻ ላይ «ለዚያ ሰውዬ የመረጠ ክርስቶስን አያውቀውም» ብለሻል። ይህን ስትጽፊ አባትሽ ማንን እንደመረጠ ሳታውቂ ቀርተሽ አይደለም። ተቆጥተሽ ነው ብዬ አልፌዋለሁ፣ ግን ነገሩን ልብ በዪው። የፓርቲውን ስም ብቻ ቀይረሽ የዚያችን እህት ስብከት መልሰሽ ሰበክሽልኝ። እሷ በቀኝ የዘጋችውን በር አንቺ በግራ ትዘጊዋለሽ።

ይህን ስል ምርጫሽ እግዚአብሔርን አይመለከተውም ማለቴ አይደለም። እያንዳንዳችን ስለ ራሳችን ለእግዚአብሔር መልስ እንሰጣለን ይላል ሮሜ 14። አንቺ ስላልተወለዱት ሕፃናት ትጠየቂያለሽ ብዬ አምናለሁ። እኔም ስለ ድሃውና ስለ ስደተኛው እጠየቃለሁ፣ አንቺ እንደምትዪው። ልጅ ግን አባቷ ፊት ስትጠየቅና ከቤት ስትባረር አንድ አይደለም። እኔና አንቺ ስንት ጊዜ ተጣልተናል፣ የቤቱን ቁልፍ መልሺ ብዬሽ አውቃለሁ?

ያቺን እህት አግኝቻታለሁ። አልተቆጣኋትም። ከአምልኮ በኋላ ምድር ቤት ቡና ይዘን ተቀመጥን።

«ጌታን የተቀበልሽው መቼ ነው?» አልኳት።

«ድሬዳዋ፣ በደርግ ጊዜ፣ በድብቅ» አለች፤ ፊቷ በራ።

«ያኔ ማንን መርጠሽ ነበር?»

«ደግሞ በዚያ ዘመን ምርጫ የት ነበር!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ስኒዋን አዙራ አዙራ «ልጅቷን ይቅርታ በልልኝ» አለችኝ። እኔ አልልልሽም፣ ስትመጣ ራስሽ በያት አልኳት። እሑድ እሑድ በሩ ላይ ትጠብቅሻለች፣ እንግዲህ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ። እሷ ምርጫዋን አትለውጥም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ስለ ታክስ የጻፍሽው ግን ስህተት ነው። አሃዙንም የተሳሳትሽ ይመስለኛል። ለፋሲካ ስትመጪ ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ፣ እኔም የራሴን አዘጋጃለሁ። እናትሽ ዶሮው እስኪወጣ ፖለቲካ የሚያነሳ ሰው ሽንኩርት ይልጣል ብላለች። በርበሬው ከአገር ቤት ደርሷል። ስትመለሺ ይዘሽ የምትሄጂውን በእቃ ለይታልሻለች።

አባትሽ