ግልጽ ደብዳቤ ለውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ኃላፊ፦ የፈነዳው የፍሳሽ መስመር ተራ መጠበቅ የለበትም

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያስገደደኝ፣ በመኖሪያ ሰፈራችን የሚያልፈው የፍሳሽ መስመር ፈንድቶ ቆሻሻው በመንገድ ላይ መውረድ ከጀመረ ወዲህ መሥሪያ ቤትዎ የሰጠው ምላሽ ነው። ጨርሶ ምላሽ አልተሰጠንም አልልም። አቤቱታችን ተመዝግቧል፤ ሠራተኞችም መጥተው ቦታውን አይተዋል፤ ጉዳዩ ለጥገና ክፍል መተላለፉና ተራው ሲደርስ የሚሠራ መሆኑም ተነግሮናል። እኔን ያሳሰበኝ በመካከል ያለው ጊዜ ነው። ቱቦው እስኪጠገን ድረስ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ነዋሪውን ከበሽታ የሚጠብቅ አንድም እርምጃ አልተወሰደም፤ እርምጃውን የመውሰድ ኃላፊነት ያለበት ክፍል የትኛው እንደሆነም የሚነግረን አላገኘንም።

ፍሳሹ የሚወጣው ከአንድ ማንሆል ክዳን ጠርዝና ከዚያ ዝቅ ብሎ ካለው የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ሥር ነው። ጠዋት ሰው ሁሉ ውሃ በሚጠቀምበት ሰዓት ይበረታል፣ ሌሊት ይቀንሳል። ነዋሪው መረማመጃ ድንጋይ ደርድሮበታል፤ ሕፃናት ግን ድንጋዩን እየሳቱ ይረግጡትና በዚያው ጫማ ክፍል ይገባሉ። ከሁሉ የከፋው መንገዱ በሚዘቀዝቅበት በታችኛው ጫፍ ያለው ነው። የቤቶቹ የውሃ ቆጣሪዎች በተርታ የተቀበሩት እዚያ ነው። የአንዱን ሳጥን ክዳን ከፍተን ስናይ ቆጣሪው ጥቁር ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ መስታወቱ እንኳ አይታይም ነበር፤ ቆጣሪውን ከቧንቧው ጋር የሚያያይዘው መጋጠሚያም ከዚያው ሥር ነው። ለመጡት ሠራተኞች ብናሳያቸው የቆጣሪ ጉዳይ የሌላ ክፍል ሥራ መሆኑን ነግረውን ሄዱ።

የዚህን አደጋ መነሻ ባለሙያዎችዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። በቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ግፊት ሲኖረው፣ መጋጠሚያው ቢላላም ንጹሑ ውሃ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ቆሻሻው ወደ ውስጥ አይገባም። ውሃ በፈረቃ ሲለቀቅ ግን፣ በተቋረጠበት ሰዓት ቱቦው ይራቆትና በዙሪያው ያለውን ሁሉ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ ከቧንቧው መጀመሪያ አየር ተንፍቶ የሚወጣው ለዚህ ነው፤ አየር የገባበት ቀዳዳ ፍሳሽንም ያስገባል። የተጣራ ውሃ ውስጥ የሚቀረው ክሎሪን ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር የተመጠነ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ በአንድ ሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲቀርበት ይመክራል፤ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት ግን ያ መጠን በአጭር ጊዜ ተሟጦ ያልቃል። በዚህ መንገድ የሚመጡት ኮሌራ፣ ታይፎይድና ሄፓታይተስ ኤ ናቸው። ኮሌራ ምልክቱን የሚያሳየው ከጥቂት ሰዓታት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን ታይፎይድ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ መጠበቅ ማለት ስንቱ ሰው ከጠጣው በኋላ መድረስ ነው።

ከላይ አይቶ ብቻ መመለስ በቂ አለመሆኑንም የቆየ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ብሮድ ስትሪት በተባለ መንገድ አካባቢ ኮሌራ በ10 ቀናት ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ሐኪሙ ጆን ስኖው መንስኤው የመንገዱ የውሃ ጉድጓድ መሆኑን አሳይቶ የፓምፑ እጀታ እንዲነሳ አስደረገ። በዚያው ዓመት ጉድጓዱ ከውስጥ ሲመረመር ግን እንከን አልተገኘበትም። ነገሩ የታወቀው በ1855 በዙሪያው ያለው መሬት ሲቆፈር ነው፤ ከጉድጓዱ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት የነበረ የአንድ ቤት የፍሳሽ ማጠራቀሚያ የጡብ ግንቡ ላልቶ፣ ይዘቱ በአፈሩ ውስጥ ወደ ጉድጓዱ ሲሰርግ ኖሯል። ዛሬ መሬቱን ሁሉ መገልበጥ አያስፈልግም። ቀለም ያለው ውሃ ወደ መስመሩ ለቆ የት እንደሚወጣ መከታተል ወይም ካሜራ በቱቦው ውስጥ መስደድ ስንጥቁ ያለበትን ቦታ ያሳያል። የምንለምነው ይህ ምርመራ እንዲደረግ ነው፤ ከንጣፉ ሥር የሚመነጨው ፍሳሽ የተዘጋ ማንሆል ብቻ እንዳልሆነ ይነግረናልና።

ስለዚህ በቅድሚያ የምንጠይቀው ከቁፋሮው በፊት መደረግ ያለበትን ነው። ለእነዚህ ቤቶች የሚሄደው የውሃ መስመር ሁኔታው እስኪጣራ ተዘግቶ ነዋሪው በቦቴ ውሃ እንዲያገኝ፣ ይህም ካልተቻለ ውሃውን አፍልቶ እንዲጠጣ በየቤቱ እንዲነገር እንጠይቃለን። በየቤቱ ስል በድምፅ ማጉያና በር በማንኳኳት ማለቴ ነው፤ በመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አዛውንቶችና ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች ዘንድ አይደርስም። ከተዘጋው ወይም ከተሰበረው ቦታ በላይ ያለውን ፍሳሽ በመምጠጫ መኪና ማንሳት ወይም በፓምፕ ወደ ታችኛው ማንሆል ማሻገር ይቻላል። ሠራተኞቹ በአካፋ ቦይ ቀደው ፍሳሹን ወደ ዝናብ ውሃ ማፋሰሻው ማዞራቸው ግን መፍትሔ አልነበረም። ማፋሰሻው በቀጥታ ወንዝ ይገባል፤ ሽታው ከእኛ ደጅ ቢቀንስም ችግሩን የተቀበሉት ከታች ያሉት ሰዎች ናቸው።

ስለ ሠራተኞቹ ደኅንነትም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አንድ ወጣት ሠራተኛ ያለ ገመድና ያለ ጋዝ መለኪያ ማንሆሉ ውስጥ ሊወርድ ሲል ነዋሪዎች ተቃውመው አስቀሩት። በፍሳሽ ውስጥ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ችሎታን ያደነዝዛል። ያን ጊዜ ሰውየው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል፤ አደጋው ግን የከፋው ያኔ ነው። የወደቀውን ሊያነሳ ተከትሎ የሚገባው ጓደኛውም አብሮ የሚሞትበት አጋጣሚ በብዙ አገሮች ተደጋግሞ ታይቷል። ችግራችን ቶሎ እንዲፈታ ብንሻም የማንም ልጅ ሕይወት እንዲከፈልበት አንፈልግም።

እኛ ነዋሪዎችም ድርሻ አለን። የምግብ ቅባት፣ ዳይፐርና እርጥብ መጥረጊያ በመጸዳጃ ቤት መጣል፣ የጣሪያ ውሃ መውረጃን ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘት ቱቦውን ከአቅሙ በላይ ያስጨንቀዋል፤ በዚህ ላይ የሚሰጥ ትምህርት ካለ ቤት ለቤት ለማዳረስ ፈቃደኞች ነን። ያረጀ ቱቦ መሰንጠቅና የዛፍ ሥር በመጋጠሚያው መግባት ግን ከእኛ አቅም ውጭ ነው።

ሥራው ተጠናቀቀ የሚባልበትን መለኪያም እንዲያዩት እጠይቃለሁ። ጉድጓዱ አፈር ሲለብስ መዝገቡ ይዘጋል የሚለው አሠራር ሊቀየር ይገባል። የወስፋት እንቁላል በእርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ ክሎሪንም አያጠፋውም። ፍሳሹ የተኛበት የላይኛው አፈር ተጠርጎ መነሳት፣ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ኖራ ተነስንሶበት እስኪጸዳ መታጠር፣ የቆጣሪ ሳጥኖቹ ተመጥጠው መጋጠሚያዎቹ መፈተሽ፣ የውሃ መስመሩም ዳግም ከመከፈቱ በፊት በክሎሪን መታጠብ አለበት። ከዚያም ለስንጥቁ ቅርብ ከሆኑት ቤቶች ቧንቧ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ሲመረመርና ውሃ በሰገራ መበከሉን የሚያመለክተው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ያልተገኘበት መሆኑ ሲረጋገጥ መዝገቡ ይዘጋ።

ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ። በመልሱ ውስጥ የውሃና የፍሳሽ ክፍሎቹን ሥራ አቀናጅቶ የሚመራው ኃላፊ ማን እንደሆነ፣ የውሃ ናሙናው መቼ እንደሚወሰድና ውጤቱ ለነዋሪው በምን መንገድ እንደሚገለጽ ይካተትልን። ናሙና የሚወስደው ባለሙያ ሲመጣ በውሃ የተዋጡትን ቆጣሪዎች የሚያሳዩ ነዋሪዎች በማንኛውም ሰዓት ዝግጁ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰፈሩ ነዋሪ