ሌላ ሰው ስለ መሆን

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጠፋፋን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ ያቋረጥነው ጨዋታ ግን ከልቤ አልወጣም። በመጨረሻው ደብዳቤህ፣ አሮጌ ማንነቱን ጥሎ ሌላ ሰው ለመሆን ሲል ወንጀል ድረስ ስለሚሄድ ሰው የሚተርኩ ልብ ወለዶችን ለምን እንደምወድ ጠይቀኸኝ፣ እንዲህ ያለው ንባብ ልብ እንዳያጨልም መስጋትህን ጽፈህልኝ ነበር። በዚያው ደብዳቤ፣ ማንም ወደማያውቅህ አገር ሄደህ እንደ አዲስ መኖር እንደሚያምርህም ነግረኸኛል። እኔ ሁለቱን ለያይቼ ማየት አልቻልኩም።

ስሙና ያለፈው ጥፋቱ ሁሉ ቀርቶለት እንደገና መጀመርን ያልተመኘ ሰው ያለ አይመስለኝም። ይህን ምኞት በሰው ፊት ስናነሳው ግን አለሳልሰን ነው። ራስን ስለ ማሻሻል የሚመክሩ መጻሕፍትም አሮጌው ሰው ያለ ጠብ ተሰናብቶ የሚወጣ ያስመስሉታል። ጨለማው ልብ ወለድ ምኞቱን እስከ ጥጉ ይከተለዋል፤ አሮጌው ሰው በቀላሉ እንደማይለቅ፣ አዲሱም አንዳንድ ጊዜ የሌላውን ቦታ ቀምቶ እንደሚቆም ያሳያል። ደራሲው ይሉኝታ ይዞት ከደጃፉ ቢመለስ ኖሮ፣ ውስጡ ያለውን ሳናይ እንቀር ነበር።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳተመችውን የቶም ሪፕሊን ታሪክ ውሰድ። ቶም የባለጸጋውን ልጅ የዲኪን ልብስ ለብሶ መስተዋት ፊት እንደ እርሱ እየተናገረ ሳለ፣ ዲኪ ድንገት ከተፍ ይላል። ቶም ዲኪን የሚገድለው ገና ወደፊት ነው፤ ሆኖም ከግድያው ይልቅ እኔን የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው፤ አንባቢው በሩ ላይ ከዲኪ ጋር ሳይሆን መስተዋቱ ፊት ከቶም ጋር ተይዟልና። በኋላም ቶም ሳይቀጣ ያመልጣል። ባመለጠ ቁጥር እፎይ እላለሁ፣ ወዲያውም ለማን እፎይ እንዳልኩ ሳስብ እደነግጣለሁ። ይህን ድንጋጤ ወንጀለኛው በመጨረሻው ገጽ የሚታሰርበት መጽሐፍ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ይበልጥ የቀረበኝ ግን ደም የማይፈስበቱ ነው። ጣሊያናዊው ደራሲ ሉዊጂ ፒራንዴሎ እ.ኤ.አ. በ1904 ባወጣው ልብ ወለድ፣ ማቲያ ፓስካል ከቤቱ ጠፍቶ በቁማር ብዙ ገንዘብ ካገኘ በኋላ፣ በባቡር ሲመለስ የራሱን መሞት በጋዜጣ ያነባል፤ የሌላ ሰው አስከሬን ተገኝቶ የእርሱ ነው ተብሏል። ሚስትም ዕዳም የሌለበት ነጻ ሰው ሆነ፤ አድሪያኖ ሜይስ የሚል ስም አውጥቶም ጉዞውን ቀጠለ። አንድ ምሽት ከአንድ ክብሪት ሻጭ ሽማግሌ ቡችላ ሊገዛ ያምረዋል፤ ብቸኝነቱ ከብዶታልና። ነገር ግን ውሻ ያለው ሰው ግብር ይከፍላል፣ ግብር የሚከፍል ሰው ደግሞ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ስለዚህ ቡችላውን ትቶ ይሄዳል። ኋላ ገንዘቡ ሲሰረቅ ለሕግ ማመልከት፣ የወደዳትን ልጅም ማግባት አልቻለም። እውነቱን ልንገርህ፣ ከዚህ ሁሉ ያንገበገበኝ የቡችላው ነገር ነው። ማቲያን ከእስር ቤት የባሰ ብቸኝነት ውስጥ የከተተው፣ አንተና እኔ የምንመኘው ያው ነጻነት ነው።

ስጋትህን ግን አላቃልለውም። ጭካኔን ለጭካኔነቱ ብቻ የሚደራርቡ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ በሰውየው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ምኞት ከሌለ፣ የቱንም ያህል ድንበር ቢጣስ ንባቡ አሰልቺ ነው፤ እኔም ጀምሬ እተዋቸዋለሁ። የምወዳቸው ግን ልቤን አላጨለሙትም። ለማንም የማልናገረውን ምኞት ሌላ ሰው ሲኖረው አሳይተውኝ፣ ዋጋውን አብሬው እንድቆጥር አድርገውኛል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የጃፓናዊውን ደራሲ የኮቦ አቤን ልብ ወለድ ልኬልሃለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የታተመ ነው። በቤተ ሙከራ አደጋ ፊቱ የተበላሸ ሳይንቲስት የሌላ ሰው ፊት የሚመስል ጭንብል ሠርቶ፣ እንደ ባዕድ ሆኖ የገዛ ሚስቱን ሊያማልል ይነሳል። ሚስቲቱ መጨረሻ ላይ ደብዳቤ ትጽፍለታለች፤ አደራህን እርሱን አስቀድመህ አትግለጥ። ስትደርስበት ከሁለቱ ለማን እንዳዘንክ ጻፍልኝ፤ እኔ ለእርሷ ነው ያዘንኩት፣ አንተ ግን ለእርሱ የምታደላ ይመስለኛል።

የዘወትር ወዳጅህ