አፉን እስኪፈታ አትጠብቁ

ሰላም ኦቲዝም (ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ የሚለውጥ የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ) ያለበት ልጅ የምናሳድግ የሐዋሳ ወላጆች፣

ቅዳሜ ዕለት ወደ ቡድናችን አዲስ የመጣች እናት «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው ሲሉኝ ሦስት ዓመት ጠበቅሁ» አለችን። እኔም በዚያው ተሸውጃለሁ። ልጄ የለስላሳ ቆርኪ በቀለም እየለየ ሲደረድር «ጎበዝ!» እንል ነበር። ስሙን ስጠራው ግን ዞር አይልም። የባጃጅ ጥሩምባ ሲሰማ ደግሞ ጆሮውን ይይዛል።

አዲስ የገባችሁ፣ ልጁ በ12 ወሩ ሲጠራ ካልዞረ፣ በ18 ወሩ የሚፈልገውን በጣቱ ካላሳየ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ጆሮውም ይመርመር፤ የመስማት ችግር ኦቲዝም ሊመስል ይችላል። ቤት ሲጫወት በስልካችሁ ቅረጹት። ሐኪም ፊት ልጁ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው።

ውጤቱ እስኪመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ውሃ ሲፈልግ ኩባያውን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። እስኪጠቁም ወይም ድምፅ እስኪያወጣ ትንሽ ታገሱ፤ ከዚያ «ውሃ» ብላችሁ ስጡት። ካለቀሰ ግን አታስጨንቁት፣ ስጡት። በቀን ደጋግሙት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት የገዛ ልጃቸው ኦቲዝም አስገድዷቸው ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አሞራ ገደል አንገናኝም፤ የዓሣ ገበያው ጫጫታ ለልጆቹ ከበዳቸው። ጸጥ ያለ ግቢ ያላችሁ ጻፉልኝ። ቡናው በእኔ ነው።