የታገደ ተማሪ ቀኑን የት ይዋል?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በዚህ ዓምድ ስለ ተማሪዎች ሥነ ምግባር መላላት የሚቀርቡ አስተያየቶችን በጥሞና እከታተላለሁ። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ትምህርት ቤቶች ጠበቅ ያለ እርምጃ እንዲወስዱ ያሳስባሉ። እኔም ብሆን መምህር ረባሽ ተማሪን ከክፍል የማስወጣት ሥልጣኑ ይነፈገው አልልም፤ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ አንዱ ሲያውክ የሌሎቹ ሰዓት እንደሚባክን የታወቀ ነው። ነገር ግን ክርክሩ ሁሉ ተማሪው ለስንት ቀን ይታገድ በሚለው ላይ ሲያተኩር፣ በእነዚያ ቀናት የት ይውላል የሚለው ጥያቄ ባለቤት አጥቷል። በጅማ ከተማ ከትምህርት የታገዱና ለማቋረጥ የተቃረቡ ወጣቶችን ቀን ቀን የሚያውል አነስተኛ ፕሮግራም የማስተባብር እንደመሆኔ፣ የምጽፈው ስለዚሁ ጥያቄ ነው።

በከተማችን የታገደ ተማሪ ጠዋቱን አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ያሳልፋል። አደጋው የሚመጣው ከምሳ በኋላ፣ የበርጫ ሰዓት ሲደርስ ነው። ጫት እዚሁ አካባቢያችን የሚበቅልና በየመንገዱ ዳር የሚገኝ በመሆኑ፣ ወላጆቹ ገበያ ወይም ሥራ ላይ የዋሉበት ልጅ ከመርካቶም ሆነ ከአጂፕ ሰፈር ሳይርቅ ጫት ቤቱን፣ ፑል ቤቱንና የኳስ ውርርድ ቤቱን በእግሩ ያዳርሳቸዋል። ስለዚህ እስከ ቀትር ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም የታሰበለትን ዓላማ አይመታም፤ ቢያንስ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ክፍት መሆን አለበት። እስከዚያ ሰዓት ለማቆየት ደግሞ ምሳ ያስፈልጋል። ለጋሾች መጻሕፍትና ወንበር ለመስጠት ፈጣን ናቸው፤ ሽሮና እንጀራ ግን በሪፖርት ላይ አያምር ይመስል ሰጪ የለውም። ሆኖም ለምሳ ወደ ቤቱ የተላከ ልጅ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ እምብዛም አይታይም።

ከሩቅ ለሚያየው የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል ልጆቹን መቆጣጠር ይመስለዋል። ጠዋት ትምህርታቸውን እንዲከታተሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጅማ በምትታወቅበት የእንጨት ሥራ እንዲለማመዱና ከአማካሪ ጋር እንዲነጋገሩ ማድረግ በእርግጥ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገር ግን ይቻላል። የሚያደክመው ከትምህርት ቤቶች ጋር ያለው የወረቀት ግንኙነት ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ውሳኔው ለወላጅ ሲነገር፣ ተማሪው በእገዳው ምክንያት የሚያመልጡት ትምህርቶች ዝርዝር አብሮ አይሰጥም። ያንን ለማግኘት ከሒሳብ መምህሩ ወደ ፊዚክስ መምህሩ፣ ከዚያም ወደ ምክትል ርእሰ መምህሩ መመላለስ የግድ ሲሆን፣ ዝርዝሩ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እገዳው ካለቀ በኋላ ነው። ተማሪው ወደ ክፍል ሲመለስ ፈተናው አልፎበታል፣ አሳይመንቱ ዜሮ ሆኗል፣ ትምህርቱም ምዕራፍ ተሻግሯል፤ የማይገባውን እየሰማ ከሚቀመጥ ደግሞ ማወኩን ይመርጣል፤ ከዚያም ሁለተኛው እገዳ ይከተላል።

በዚህም የተነሣ በሥራችን ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ዋጋ የምሰጠው ለመመለሻው ቀን ነው። በዚያ ዕለት ወላጅ፣ ምክትል ርእሰ መምህሩ፣ ተማሪውና አስተባባሪው ለግማሽ ሰዓት እንኳ አብረው ከተቀመጡ፣ ተማሪው ምን እንደሠራና ምን እንደቀረው የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀትም ለክፍል ኃላፊው ከተሰጠ፣ ልጁ እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ተማሪ ይገባል። ይህ ስብሰባ ሳይደረግ የተመለሰ ልጅ ብዙ ሳይቆይ እንደገና እጃችን ላይ ይወድቃል።

በሌላ በኩል፣ ችግር ላይ ያለ ልጅ ሁሉ ረባሽ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በማና፣ በጎማና በሰቃ ጨቆርሳ ቡና ሲለቀም፣ ለቤተሰቡ ገቢ ብሎ የቀረ ልጅ አጥር ዘሎ ከጠፋው ጋር በአንድ የቅጣት መዝገብ ይጻፋል። ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው ያመለጠውን ትምህርት የሚያካክስበት ጊዜ እንጂ ተጨማሪ የእገዳ ቀናት አይደሉም። ልጃገረዶች ደግሞ እምብዛም አይታገዱም፤ ድምፅ ሳያሰሙ ቤት ይቀራሉ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴም ስማቸውን አያነሣም።

ይህ ልመና ለጥፋተኛ መራራት ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕጋችን ከ9 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ ቀላል ጥፋት ፈጽሞ ሲገኝ፣ ፍርድ ቤቱ በትርፍ ሰዓቱ በትምህርት ቤቱ ወይም በቤቱ ተወስኖ ለዕድሜው የሚመጥን ሥራ እንዲሠራ ማዘዝ እንደሚችል ይደነግጋል። ወንጀል የፈጸመውን ልጅ ሕጉ ወደ ትምህርት ቤት ሲያስጠጋው፣ በክፍል ውስጥ የጮኸውን እኛ ወደ መንገድ እናወጣዋለን። በካናዳዋ የኦንታሪዮ ግዛትም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ተማሪ ከ5 የትምህርት ቀናት በላይ ሲታገድ የትምህርት ቦርዱ የሚማርበትን ፕሮግራም የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ እገዳው ከ10 ቀን ሲበልጥ ከትምህርቱ በተጨማሪ ሌላ ድጋፍም ይታከልበታል። የእነርሱን በጀት የለንም፤ የግዴታውን ሐሳብ ለመውሰድ ግን በጀት አያስፈልግም።

የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከ3 ቀን በላይ ለሆነ ማንኛውም እገዳ ሁለት ነገር ብቻ እንዲያስገድድ እጠይቃለሁ፤ ተማሪው ቀኑን የት እንደሚውል የሚገልጽና ወላጅ የፈረመበት ወረቀት፣ እንዲሁም በውሳኔው ዕለት የሚሰጥ የትምህርት ዝርዝር። ማዋያ ቦታን በተመለከተ፣ በሥራ ቀናት ባዶ የሚሆኑ የቀበሌ አዳራሾች አሉ። የሰው ኃይልን በተመለከተ ደግሞ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው በማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርቱ ነው። ተማሪዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ቅጽ ሲያስሞሉ ያላየ የጅማ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ከእነዚህ ቡድኖች ጥቂቱ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ትምህርት ለማስጠናትና ለማማከር ቢመደቡ፣ ችግር ቆጥረው ከመሄድ አልፈው አንዱን ለማቃለል ይበቃሉ። የእገዳውን ወረቀትና የመመለሻውን ቀን ቅጽ ረቂቅ አዘጋጅተናል፤ ለሚፈልግ ርእሰ መምህር ያለ ክፍያ እንሰጣለን።

ከአክብሮት ጋር
የወጣቶች የቀን ፕሮግራም አስተባባሪ፣ ከጅማ