ባለ 18 ጎማው ያልፋል፣ ባለ አራት ጎማው ይያዛል

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ከላስ ቬጋስ ተነስቼ ኒው ጀርሲ አራግፌ፣ ከዚያ ቴክሳስ ጭኜ፣ ሲገኝም እስከ ሲያትል የምመላለሰው በአንድ ታርጋ ነው። የግዛቶቹን ድንበር የማውቀው በመንገድ ዳር ሰሌዳና በነዳጅ ዋጋ ነው። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በእረፍት ቀኔ አንዲት ባለ አራት ጎማ የበረሃ መኪና በተሳቢ ጭኜ ጎረቤታችን ዩታ ብሻገር፣ እንደ ጀማሪ መንጃ ፈቃድ ተማሪ ጥግ ይዤ መቀመጤን ላጫውታችሁ ብዬ ነው።

ሊብሬዋም ቦሎዋም የተሟላ ነበር። ኔቫዳ ከ2012 ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ተሽከርካሪዎች እንዲመዘገቡ ታስገድዳለች፤ የዓመቱን 20 ዶላር ከፍዬ ስቲከሩን ከኋላ ለጥፌያለሁ። ጎህ ሳይቀድ ከእህቴ ልጅ ጋር ወጣን። መስኪት ከተማን እንዳለፋችሁ ኢንተርስቴት 15 የአሪዞናን ጥግ ይቆርጣል፤ 30 ማይል አይሞላም። በቨርጂን ወንዝ ገደል ውስጥ ይጠማዘዝና ዩታ ያስገባችኋል። ሴንት ጆርጅ ቁርስ በላን። ሀሪኬን ከተማ አጠገብ፣ አሸዋው እንደ በርበሬ የቀላበት ቦታ ስንደርስ ባለ አራት ጎማዋን ሞተራችንን ከተሳቢው አወረድናት።

አንድ ኮረብታ እንኳን ሳንወጣ ተቆጣጣሪ መጣ። ትሑት ሰው ነበር። ሰላምታ ሰጥቶን ዞር ብሎ ስቲከሩን አየና ይህቺ ለኔቫዳ እንጂ ለዩታ እንደማትሆን ነገረን። ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው የእንግዳ ፈቃድ መግዛት አለበት፤ ያኔ ለዓመት 30 ዶላር ነበር። ይህ ብቻም አይደለም። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ዩታ ውስጥ እንዲህ ያለውን ተሽከርካሪ የሚነዳ አዋቂ ሁሉ፣ ነዋሪም ሆነ እንግዳ፣ በኢንተርኔት የሚሰጠውን አጭር ትምህርት ጨርሶ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። ትምህርቱ በነጻ ነው፤ አንዴ ከወሰዱት ይበቃል። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑት ደግሞ የተለየና ረዘም ያለ ትምህርት አላቸው፤ ሄልሜትም ግዴታቸው ነው።

ሰውየው አልቀጣኝም። ሞተሯን ወደ ተሳቢው መልሱና ጨርሳችሁ ኑ አለን። የስልክ ሞገድ የተገኘው በፒክአፑ የጭነት ሳጥን ላይ ሲቆሙ ብቻ ስለነበር፣ እኔ ሃያ ዓመት መሪ የጨበጥኩት ሰውዬ በጠራራ ፀሐይ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ የጎማ ዱካና የአነዳድ ሥነ ሥርዓት ጥያቄ መለስኩ። ገና 16 ዓመቱ የሆነው የእህቴ ልጅ የራሱ ትምህርት በዚያ ቀን የሚያልቅ ባለመሆኑ፣ መንዳቱ ቀርቶበት ቅዳሜና እሁዱን ከጎኔ ተቀምጦ አሳለፈ። አኩርፎ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ያ ትልቁ መኪናህ ስንት ቦሎ አለው?» አለኝ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ይህ ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር ልለይ፤ ፈቃድ መጠየቁን አልቃወምም። የዚያን በረሃ መሬት ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ለምን እንደሚጠበቅ ይገባዋል። አሸዋው መካከል ጠቆር ያለ፣ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዝ የሚሰባበር ቅርፊት አለ። ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ አፈሩን ይዞ ነፋስ እንዳይጠርገው የሚያደርገው እሱ ነው። ጎማ አንዴ ከሄደበት ለማገገም ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። የሞሃቪ በረሃ ኤሊም በመጥፋት ስጋት ውስጥ ካሉ እንስሳት ተርታ የተመዘገበው በ1990 ነው። የፌዴራሉ መንግሥትም ቢሆን ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 ባወጡት ትዕዛዝ በሕዝብ መሬት ላይ እነዚህ ተሽከርካሪዎች የት እንደሚነዱና የት እንደማይነዱ እንዲወሰን ካደረገ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ለዱካ ጥገና፣ ለምልክት፣ ለቁጥጥር ገንዘብ ያስፈልጋል። እከፍላለሁ።

የሚከነክነኝ ኬላው የማይታይ መሆኑ ነው። አገር ቤት ኬላ ሲኖር ገመድ አለ፤ ገመዱን የያዘ ሰው አለ፤ ትቆማለህ፣ ትፈተሻለህ፣ ትከራከራለህ፣ ታልፋለህ። እዚህ ግን ተሳቢ ላይ ጭነህ ብታልፍ የሚጠይቅህ የለም፤ ሞተሯን አውርደህ ስትነዳት ነው ኬላው ከመሬት ብቅ የሚለው። መኪናዬን የሚከተለው ሕግ አንድ፣ መኪናዬ የምትስበውን የሚከተለው ሌላ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ታርጋና መንጃ ፈቃድ ሁሉም ግዛት ስለሚያከብራቸው የበረሃ ስቲከሩም እንዲሁ ይመስለናል።

እያንዳንዱ ግዛት ደግሞ የራሱ ፀባይ አለው። ኔቫዳ በሌላ ግዛት የተመዘገበ ተሽከርካሪ ይዞ የመጣን እንግዳ ከ15 ቀን በታች እስከቆየ ድረስ ምንም አትለውም፤ በዚህ አገሬን አመሰግናለሁ። አሪዞና ከ2021 ጀምሮ እንግዳውን 25 ዶላር ታስከፍላለች፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮም የራሷን የደኅንነት ትምህርት ግዴታ አድርጋለች። የካሊፎርኒያ የእንግዳ ፈቃድ ደግሞ መቼም ይገዛ መቼ ዲሴምበር 31 ላይ ያበቃል፤ ለምስጋና ቀን ሽርሽር በኖቬምበር የገዛ ሰው ስቲከሩ ሳይቆሽሽ ይሞትበታል። የኮሎራዶ ዓመት ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ነው፤ ነገር ግን ነዋሪውም እንግዳውም የሚከፍሉት እኩል 25 ዶላር ከ25 ሳንቲም ስለሆነ እሷን አልወቅስም። ሁለት ሞተር ያለው ሰው ሁሉንም በሁለት ያባዛ።

«ለ30 ዶላር ይህን ያህል?» የሚለኝ አይጠፋም። የአንድ ክትፎ ዋጋ እንደሆነ አውቃለሁ። የእኔ ጥያቄ ግን ስለ ዶላሩ አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ጥያቄ ነው። የትልቁ መኪናዬ ታርጋ ላይ «አፖርሽንድ» የሚል ጽሑፍ አለ። ምዝገባውን የምከፍለው ለኔቫዳ ብቻ ነው፤ ኔቫዳ በየግዛቱ በነዳሁት ማይል ልክ ለሌሎቹ ታካፍላለች። በጋቢናው ግራና ቀኝ የምለጥፋት የኢፍታ (የግዛቶቹ የነዳጅ ታክስ ስምምነት) ስቲከርም እንዲሁ ናት፤ በየሦስት ወሩ የት ስንት ማይል እንደሄድኩ፣ የት ስንት ጋሎን እንደቀዳሁ አሳውቃለሁ፤ የነዳጅ ታክሱን እነሱ ይከፋፈላሉ። አላስካና ሃዋይ ሲቀሩ 48ቱም ግዛቶች አሉበት፤ አሥር የካናዳ ክፍለ ግዛቶች ሳይቀሩ ገብተዋል። (ኦሪገንን የመሰሉ ጥቂት ግዛቶች ከዚህ ሌላ በክብደትና በማይል ማስከፈላቸውን አልተዉም፤ ሾፌሮች ያውቋቸዋል።) ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። የድሮ ሾፌሮች የየግዛቱን ስቲከርና ካርድ እንደ ቢንጎ ይሰበስቡ እንደነበር በየነዳጅ ማደያው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። የነዳጅ ታክሱ ወደ አንድ የመጣው ኮንግረስ በ1991 ባወጣው ሕግ እስከ 1996 ሴፕቴምበር ድረስ ቀነ ገደብ ስለሰጣቸው ነው።

40 ቶን ሊደርስ ጥቂት የቀረው መኪና በአንድ ታርጋ አህጉር የሚያቋርጥበት አሠራር ካለ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ የአሸዋ ሞተር ከመስኪት ወዲያ ማዶ እንግዳ የምትሆንበት ምክንያት አይገባኝም። ማይል መቁጠር እንኳን አያስፈልግም። ኔቫዳ ቦሎዬን ስታድስ «ዩታም ትሄዳለህ? አሪዞናስ?» ብላ ትጠይቀኝ፤ 20ውንም 30ውንም 25ቱንም በአንድ መስኮት፣ በአንድ ቀን ልክፈል፤ ድርሻቸውን እነሱ ይላላኩ። አንድ ግዛት የሰጠውን የደኅንነት ትምህርት ሌላውም ይቀበል። ገንዘቡ የሚጎድልበት አካል የለም፤ የሚቀረው እንደ እኔ በፒክአፕ ላይ ቆሞ ሞገድ መፈለግ ነው።

የኔቫዳ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በመደበኛነት የሚሰበሰበው በየሁለት ዓመቱ ነው፤ በጎዶሎ ዓመት፣ በፌብሩዋሪ ተጀምሮ ለ120 ቀናት። ሐሳቡ ከዚያ በፊት ተወካዮቹ ጆሮ መድረስ አለበት። እኔ ለወረዳዬ ተወካይ ጽፌያለሁ። በዚህ ከተማ የምንኖር፣ ተሳቢ ያለን አበሾች ጥቂት አይደለንም፤ በረጅም የእረፍት ቀናት በየጓሮው ሲጫን አያለሁ። ጋዜጣችሁም ከሜሞሪያል ቀንና ከሠራተኞች ቀን ሳምንታት በፊት የየግዛቱን ወቅታዊ ክፍያና ግዴታ አጣርቶ ቢያወጣልን ውለታ ነው፤ ቁጥሮቹ ይለዋወጣሉና የእኔን ደብዳቤ ይዞ ማንም አይሂድ።

የእህቴ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ የምስክር ወረቀቱን አትሞ የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፎታል። በመጪው ሜይ የሚነዳው እሱ ነው።

አክባሪዎ
አንድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ