ክረምት ሲገባ በሩ በሕፃናት ላይ አይዘጋ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ሐምሌ ከገባ ወዲህ በሰፈራችን የሕፃናት ድምፅ ጠፍቷል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ጧት ጧት የጦሳ ተራራ ጉም እስከ ደጃችን ይወርዳል፤ እኛ ወላጆችም «ብርድ ይመታቸዋል» እያልን ትንንሾቹን ልጆቻችንን በር ዘግተን ቴሌቪዥንና ስልክ ፊት እናስቀምጣቸዋለን። እኔም እስከ ዐምና ድረስ እንዲሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ልጄ የምትማርበት አጸደ ሕፃናት «ጭቃ አስቸገረ» በሚል ምክንያት በግቢው የቀረችውን አንዲት ቁራሽ መሬት በሰኔ ወር ሲሚንቶ ማልበሱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ብርዱ ልናገር። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ እንጂ ዝናብ አይደለም፤ ቫይረሱም መስኮቱ በተዘጋና ሰው በተፋፈነበት ክፍል ውስጥ ይበልጥ ይተላለፋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ ብርዷ እንደማይናቅ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሹራብ፣ ቦቲ ጫማና ሲመለሱ የሚለወጥ ደረቅ ካልሲ ያስፈልጋል። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ረፋዱን ለልጆች መስጠት ይቻላል።

ባለፈው ሳምንት ከአራት ዓመት ልጄ ጋር ከቆስጣው መደብ አጠገብ ቁጢጥ ብለን ከአንድ ቅጠል ሥር ቀንድ አውጣ አገኘን። «ዓይኑ የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከረጃጅሞቹ ቀንዶች ጫፍ ላይ መሆኑን ነገርኳት፤ በጣቷ ጠጋ ስትል ቀንዱን ወደ ውስጥ ሰበሰበው፤ እስኪያወጣው ድረስም ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች። ከዚያ በብርጭቆ ሳህን ላይ አስቀምጠን ከሥር ወደ ላይ ተመለከትነው። ሲሄድ በሆዱ ላይ ከጅራቱ ወደ ራሱ ተራ በተራ እንደ ማዕበል የሚያልፉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ያለ እግር እንዴት እንደሚሄድ ያኔ ገባት። እንዲህ ያለውን ነገር ስልክ ላይ ብታየው ኖሮ በደቂቃ ውስጥ ወደ ሌላ ቪዲዮ ታልፍ ነበር።

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር ሞክረናል። ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ከአንገቱ በታች ቆርጠን፣ ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠርና ጥቂት ውኃ ጨምረን፣ ውኃው የደረሰበትን ዜሮ ብለን ከዚያ በላይ በማስመሪያ መስመር አሰመርንበትና ደጅ አቆምነው። ልጄ ጧት ስትነሣ የመጀመሪያ ሥራዋ የሌሊቱን ዝናብ ማንበብ ሆኗል። ኮምቦልቻ የምትኖረው እህቴም ከልጆቿ ጋር ይህንኑ ስለጀመረች ማታ ማታ በስልክ ይነጋገራሉ፤ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀትና በ600 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት እዚህ የዘነበው እዚያ አለመዝነቡ እስካሁን እንዳስገረማቸው ነው።

ሁለተኛው በእኔ ግምት ለደሴ ልጅ ከሁሉም ይበልጣል። ሁለት ፕላስቲኮችን ጎናቸውን ከፍተን አጋደምናቸው፤ በአንዱ ሣር ከነሥሩና ከነአፈሩ፣ በሌላው ባዶ አፈር ሞላንና በሁለቱም ላይ እኩል ውኃ አፈሰስን። ከባዶው አፈር ደፍርሶ ቡናማ የሆነ ውኃ ሲወርድ ከሣሩ የወጣው ጠራ ያለ ነበር። ናዳና ጎርፍ በሚያሰጋት፣ በተዳፋት ላይ በተሠራች ከተማ የሚያድግ ሕፃን እርከንና ችግኝ ለምን እንደሚያስፈልጉ ከዚህ በተሻለ መንገድ የሚማር አይመስለኝም።

አደይ አበባንም ልጆቻችን የሚያውቋት በመስከረም ስታብብ ብቻ ነው። አሁን በሐምሌ በየአጥሩ ሥር ገና ቅጠል ናት፤ አንዷን መርጦ እንጨት ተክሎ ምልክት በማድረግ በየሳምንቱ እየለኩ እስከ እንቁጣጣሽ መከታተል ምንም ወጪ አይጠይቅም።

አደጋ የለም አልልም። ሕፃናት ብቻቸውን ወደ ገደል አፋፍ፣ ወደ ጅረትና ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር መሄድ የለባቸውም፤ ነጎድጓድ ሲሰማም ወዲያው ወደ ቤት መግባት አለባቸው። ባዶ እግር በእርጥብ አፈር መሄድ በእግር ቆዳ ገብቶ አንጀት ውስጥ የሚኖር የመንጠቆ ትል ሊያስይዝ ስለሚችል ጫማ አይውለቅ፤ አፈር ከነኩ በኋላም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

በደሴና በኮምቦልቻ አጸደ ሕፃናትን የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ግቢያችሁን ስታስውቡ ቢያንስ በአጥሩ ዳር አንድ ሜትር ስፋት ያለው አፈር እንድትተዉ እለምናችኋለሁ። የልጄ አጸደ ሕፃናት ኃላፊዎችም ያለበሱትን ሲሚንቶ በአንድ ጥግ እንኳ ለማንሣት ፈቃዳቸው ከሆነ፣ እኔና የተነጋገርኳቸው ሌሎች ወላጆች ዶማና አካፋ ይዘን፣ አፈርና የጎመን ችግኝም አዘጋጅተን ከነሐሴ በፊት ለመምጣት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት እናት፣ ከደሴ