የክረምት በዓላት ወጪ ከዝናቡ በፊት ይውጣ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለማዕከላዊ ጎንደር ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ

ጉዳዩ፦ በገጠር ከተሞች ለሚከበሩት የቡሄ፣ የእንቁጣጣሽና የመስቀል በዓላት የሚያስፈልገው ግዥና ሥራ በበጋ እንዲጠናቀቅ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በቆላድባ፣ በማክሰኝት፣ በአምባ ጊዮርጊስና በመሳሰሉት ትንንሽ ከተሞች ሰው የሚሰባሰበው በክረምቱና በክረምቱ መውጫ ነው። ተማሪው ከዩኒቨርሲቲ ይመለሳል፤ ከተማ የገባውም ለዘመን መለወጫ ወደ ቤተሰቡ ይመጣል። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፣ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 17 መስቀል። ሦስቱም በአርባ ቀን ውስጥ ያልቃሉ። የጎንደር ጥምቀት ወራት ሲቀሩት ኮሚቴ ይቋቋምለታል፣ ሥራ ይከፋፈልለታል። በገጠር ከተማ የሚከበረው መስቀል ግን በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው በዓል አካል ሆኖ ሳለ ዝግጅቱ የሚታሰበው በዋዜማው ሳምንት ነው።

ይህ የአንድ ጽሕፈት ቤት ስንፍና አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። አዲሱ በጀት ጸድቆ፣ ተደልድሎ፣ የግዥ ጥያቄ ቀርቦና ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ እስኪያልቅ ቡሄ አልፏል፣ መስቀልም ደርሷል። በዚያን ጊዜ ቶሎ የሚገዛው ባነር፣ የሚከራየውም ድንኳንና ሞንታርቦ ነው። ለበዓሉ በእርግጥ የሚያስፈልጉት ደረቅ እንጨት፣ ውኃ የማይተኛበት ሜዳና መጠለያ ናቸው፤ እነዚህን ደግሞ በመስከረም በምንም ዋጋ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ ገንዘብ ሳይሆን ያለው ገንዘብ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ እንዲወጣ ነው። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ይሁን፣ በወረዳው መጋዘን ይቀመጥ፣ በዓሉ ሲደርስ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ለኮሚቴው ይሰጥ።

ከእንጨቱ እንጀምር፤ ብዙው አደጋ የሚመጣው ከእሱ ነው። ለደመራ የሚቀርበው እንጨት አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሳምንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ነው። በክረምት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ውኃ የጠገበ ስለሆነ እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ውኃውን በማትነን ነው፤ ከነበልባል ይልቅ ጭስ ይበዛዋል። በዚያ ላይ ደመራው ጥቅጥቅ ተደርጎ ስለሚቆም ከሥሩ አየር አያገኝም። ጸሎቱ ደርሶ፣ ሕዝቡ ዞሮ፣ ችቦው ተለኩሶ እሳቱ አልይዝ ሲል አንዱ ወጣት በሃይላንድ ቤንዚን ይዞ ይደርሳል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ከታች የተደበቀች ፍም ካገኘ እሳቱ ተመልሶ የሚይዘው ያፈሰሰውን ልጅና አጠገቡ የቆሙትን ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ባሕር ዛፉ በጥር ወይም በየካቲት ይቆረጥ፣ ቅርፊቱ ይላጥ፣ ከእጅ አንጓ ሳይወፍር ይፈለጥ። ምስጥ እንዳያገኘው በድንጋይ ላይ አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይደርደር፤ ከላይ ቆርቆሮ ይልበስ፣ ጎንና ጎኑ ግን ክፍት ይሁን። በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ እንጨቱን ከዝናብ ያዳነው ይመስላል እንጂ እርጥበቱን ውስጡ አፍኖ ያሻግተዋል። መድረቁ የሚታወቀው ጫፉ ሲሰነጣጠቅና ሁለት ፍልጥ ሲጋጭ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ ነው፤ እርጥብ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። ለአንድ ደመራ ሁለት ሜትር ኩብ ይበቃል። ደረቁ እንጨት መሐል ይገባል፣ ከሥሩ ጭራሮና ገለባ ይጎዘጎዛል፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ እጁን የሚያስገባበት ክፍተት ይተዋል። ሕዝቡ ያመጣው እርጥብ እንጨት ከውጭ ይደገፍበታል። መሐሉ በደንብ ከተያያዘ ውጪውን ራሱ እያደረቀ ያነደዋል።

ደመራውን መንግሥት ይግዛው እያልን አይደለም። እያንዳንዱ ቤተሰብ እንጨቱንና ችቦውን ይዞ መውጣቱ የበዓሉ ነፍስ ነው፤ ማንም ሊተካው አይገባም። ከመሥሪያ ቤት የሚፈለገው መሐል የሚገባው ደረቁ እንጨት ብቻ ነው። የሚተከልበት ቦታም አስቀድሞ ይለካ፤ ከኤሌክትሪክ መስመርና ከሣር ክዳን ቤት ቢያንስ የደመራውን ቁመት ሦስት እጥፍ ይራቅ። በመስከረም 16 ማታም ይለኮስ በ17 ንጋት፣ ያ የአጥቢያው ልማድ ነው፤ ልኬቱ ግን አይለወጥም። የጸጥታው ሁኔታ ማታ መውጣትን በማይፈቅድበት ዓመት ደግሞ ሰዓቱ ከቀናት በፊት ለካህናቱና ለዕድር ዳኞች ይነገር። በዋዜማው ምሽት የሚመጣ መልእክት ለገጠሩ ቀበሌ አይደርስም፤ ሰው ችቦውን ይዞ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሜዳውን በተመለከተ፣ ቆላድባ ያለችበት የደምብያ መሬት መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላ አፈር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ሰውም እንስሳም ያሰምጣል። የተለመደው ስህተት በጳጉሜን ገረጋንቲ አምጥቶ ጭቃው ላይ መድፋት ነው፤ ገረጋንቲው ሰምጦ ሜዳው ወደነበረበት ይመለሳል፣ የጫነው መኪናም አብሮ ይያዛል። በሚያዝያ መሬቱ ደርቆ ሳለ መጀመሪያ ትልልቅ ድንጋይ ይነጠፍ፣ ገረጋንቲው ከዚያ በላይ ይምጣ። ለጨዋታና ለሽማግሌዎች መቀመጫ 10 በ20 ሜትር ይበቃል፤ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 30 ሜትር ኩብ ማለት ነው፣ በ16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ ሁለት ጉዞ። ከሜዳው በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ በ100 ሜትር ርዝመት ከ1 እስከ 2 ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። ከዚያ ካነሰ ደለል ይሞላዋል፣ ከበዛ ጎርፉ ቦዩን ይሸረሽራል። የክረምት በጎ ፈቃድ ወጣቶች ሥራ የሚጀምሩት ዝናቡ ከገባ በኋላ ስለሆነ ቁፋሮውን ለእነሱ ማስተላለፍ አይሆንም፤ ደለል መጥረጉን ግን በየሳምንቱ ሊሠሩት ይችላሉ። ሜዳው የሁሉም ነው። መውሊድ በጨረቃ አቆጣጠር እየዞረ በእነዚህ ዓመታት ከዘመን መለወጫው ጋር ተቀራርቧልና አንድ ጊዜ የተሠራ ሜዳ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ያገለግላል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበውን እናንሳ። ከበሮና ማሲንቆ ቆዳ ናቸው። በክረምት አየር ቆዳ እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ ከበሮው ሲመታ ድምፁ ይታፈናል እንጂ አይጮኽም፣ የማሲንቆውም ጭራ ቅኝቱን አይዝም። አዝማሪው ቀኑን ሙሉ ሲቃኝ ይውላል። ኮሚቴው ይህን ሲያይ መፍትሔ የሚመስለው ሞንታርቦ መከራየት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ የሚሰማው የተቀረጸ ዘፈን ብቻ ይሆናል፣ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆችም ድምፃቸው ይዋጣል። ባለሙያዎቹ የሚፈልጉት ከመድረኩ አጠገብ ጣሪያው የማያፈስ አንድ ክፍልና አንድ የከሰል ምድጃ ነው። ከበሮው ከምድጃው ሁለት ክንድ ያህል ርቆ፣ ቶሎ ቶሎ እየዞረ ይሞቃል፤ ከቀረበ ቆዳው ይጨማደድና ይሰነጠቃል። ቆዳውን በጣት ጫፍ መታ መታ ሲያደርጉት ጥርት ብሎ ከጮኸ ደርሷል ማለት ነው። ያለማሳሰቢያ የማናልፈው የክፍሉን በር ነው፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ይገድላልና በሩና መስኮቱ ክፍት መሆን አለባቸው። ሞንታርቦ ለማስታወቂያና ለንግግር ይዋል፤ ጨዋታው ሲጀመር ይጥፋ።

ለቡሄ ጅራፍ ቦታ ይከለልለት። የቃጫ ጅራፍ ዝናብ ሲመታው ይከብዳል፣ ጫፉም ከታሰበው በላይ ይወረወራል። በሕዝብ መሐል ሲጮኽ የሚጎዳው ዓይን ነው። ጅራፉና ክንዱ ተደምረው ከሚደርሱበት ሁለት እጥፍ ርቀት ላይ ገመድ ይወጠር። ዓይኑ የተመታ ልጅ ዓይኑን አይሽ፣ ቅቤም ሆነ ቅጠል አይደረግበት፤ ዓይኑን በማይነካ ነገር ተሸፍኖ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ከባድ ከሆነም የዓይን ሕክምና ወዳለበት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላክ። ለዚህ አንድ ተረኛ መኪና ስልኩ ታውቆ ይቁም።

የመጠጥ ውኃን ጉዳይ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ያውቀዋል፤ የምንጠይቀው ማከሚያው ለበዓሉ ቀናት እንዲታደል፣ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን እንዲጨመርና ከመጠጣቱ በፊት 30 ደቂቃ እንዲቆይ ማስታወቂያ እንዲነገር ነው። ጊዜያዊ መጸዳጃ ከምንጭና ከጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ ለሴትና ለወንድ ለየብቻ ይቆፈር።

ስለ መዋጮም አንድ ቃል። ነሐሴ የገበሬው ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው። በዚያ ወር ለበዓል አምጣ ማለት ሙልሙል የሚጋግርበትን እህል ከቤቱ ማውጣት ነው። መዋጮ የሚሰበሰብ ከሆነ በጥርና በየካቲት፣ እህሉ ከአውድማ ከገባ በኋላ፣ በእህልም በገንዘብም ይሰብሰብ፤ ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ ሒሳቡም በዕድር ፊት ይነበብ።

ከዚህ በመነሣት መምሪያው ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። በስሩ ላሉ ወረዳዎች በሚጽፈው ሰርኩላር የክረምት በዓላት የግዥ ጥያቄ እስከ የካቲት 30 እንዲቀርብ ይወስን። እንጨቱ፣ ድንጋዩና ገረጋንቲው እስከ ግንቦት 30 ገቢ መሆናቸውን በቦታው ተገኝቶ ያረጋግጥ። በየከተማው ከካህናት፣ ከመስጊድ ሽማግሌዎች፣ ከዕድር፣ ከአዝማሪዎችና ከወጣቶች የተውጣጣ ኮሚቴ በጥር ተሰይሞ ዓመቱን ሙሉ እንዲሠራ ደብዳቤ ይስጥ። በሁሉም ከተማ በአንድ ጊዜ ማስጀመር ከከበደ በመረሬው ምክንያት በጣም ከሚቸገሩት፣ ከደምብያ ሜዳ ከተሞች ይጀመር። ለልኬቱ፣ እንጨቱን ለመደርደርና ቦዩን ለማስመር ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎንደር ዙሪያ የገጠር ከተሞች በዓላትን የምናስተባብር ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች
ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች
ለየከተማው ማዘጋጃ ቤት